አንቱ የተባለ ወይስ አንቱ የተባለች?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ተውላጠ ስምንስ ማን ያወጣዋል? ውድ አንባብያን፣ ጥያቄው ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ተውላጠ ስምን የምናውቀው በሰንጠረዥ ነው። እኔ፣ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እሱ፣ እሷ፣ እሳቸው፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ ብለን ከላይ ወደ ታች እንደረድርና፣ ከጎኑ የግሱን ርባታ ሞልተን፣ ፈተናውን ተፈትነን እንወጣለን። ተውላጠ ስም በስም ፈንታ የሚገባ ቃል ነው፤ አለቀ። የተተካለት ሰው ራሱ «ይሄ ቃል እኔን አይተካኝም» ቢልስ? ሰንጠረዡ ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለውም።

«እንዲህ የሚል ሰው ደግሞ አለ እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። አለ።

ጀስቲን ቪቪያን ቦንድ የሚባሉ አሜሪካዊ የመድረክ ሰው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሜሪላንድ ውስጥ ሄገርስታውን በምትባል ከተማ ተወለዱ። ሲወለዱ ወንድ ተባሉ። ልጅነታቸውን በተረኩበት መጽሐፍ ግን ይህ ስያሜ ከጠዋቱ እንዳልተስማማቸው፣ የእናታቸውን ሊፕስቲክ ተቀብተው ት/ቤት እስከ መሄድ እንደደረሱ ይናገራሉ። በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1989 ኬት ቦርንስታይን በጻፉት ተውኔት ውስጥ ተጫወቱ። የተሰጣቸው ገጸ ባሕርይ ኤርኩሊን ባርቤን ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ሴት ተብለው አድገው፣ ኋላ ፍርድ ቤት «ወንድ ነህ» ብሎ የወሰነባቸው በእውን የነበሩ ሰው ናቸው።

የቦንድ ስም የገነነው ግን በሌላ ሥራ ነው። ከፒያኖ ተጫዋቹ ከኬኒ ሜልማን ጋር ሆነው «ኪኪ እና ኸርብ» የተባለ የሁለት ሰው ትርኢት ፈጠሩ። ኪኪ ያረጀች፣ መጠጥ የምታበዛ፣ ዕድል የሸሸቻት የምሽት ክበብ ዘፋኝ ናት፤ ኸርብ ደግሞ ዕድሜ ልኩን አብሯት የኖረ አጃቢዋ ነው። ቦንድ ኪኪን መጫወት ሲጀምሩ ገና ሠላሳ ዓመት ገደማ ነበሩ። ወንድ የሴት ልብስ ለብሶ ሲያስቅ ያላየ የለም፤ በየሰርጉና በየኮሜዲው ሞልቷል። የኪኪ ነገር የሚለየው ተመልካቹ ስቆ ስቆ ሲያበቃ የሚያየው የሴት ልብስ የለበሰ ወንድ ሳይሆን አንዲት የተሰበረች አሮጊት መሆኗ ነው። ትርኢቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ካርኔጊ አዳራሽ፣ በ2006 ደግሞ ብሮድዌይ ደረሰ፤ በ2007 ለቶኒ ሽልማት ታጨ። ቦንድ በ2019 የኦልጋ ኖይቪርት «ኦርላንዶ» የተሰኘ ኦፔራ በቪየና መንግሥታዊ ኦፔራ ሲቀርብ ከተጫወቱት አንዱ ነበሩ። በ2024 ደግሞ ማክአርተር ፌሎውሺፕ የተባለውን ትልቁን የአሜሪካ ሽልማት አግኝተዋል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ቦንድ እ.ኤ.አ. በ2011 «ቪቪያን» የሚለውን ስም በስማቸው ላይ ጨመሩ፤ «እሱ»ም «እሷ»ም አይሁን ብለው «ቪ» የምትል አንዲት ፊደል ተውላጠ ስማቸው እንድትሆን ጠየቁ። የላቲኗ ቪ በሁለት እኩል ክንድ የቆመች ፊደል ናት፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አታደላም። በእንግሊዝኛ ጉዳዩ ከሞላ ጎደል በዚህ ያልቃል። የእንግሊዝኛ ግስ ወንድና ሴት አያውቅም፤ «እሱ» የነበረበት ቦታ ላይ «ቪ»ን ትተክላለህ፣ ዓረፍተ ነገሩ ይሄዳል።

በአማርኛ ሞክሩት እስቲ። «ቪ ትናንት ማታ...» ብለን ጀመርን እንበል። ዘፈነ? ዘፈነች? ጉድ ፈላ! በአማርኛ ተውላጠ ስሙን ብትጥለው እንኳ ጾታው አይጠፋም፤ ግሱ ውስጥ ተደብቋል። «መጣ» ካልኩ «እሱ» ማለት አላስፈለገኝም፤ «ና» ካልኩ ወንድ ነው የጠራሁት፤ «ነይ» ካልኩ ሴት። በዚህ ቢበቃ ጥሩ ነበር። «ዘፋኙ» እና «ዘፋኟ» ስንል ጾታው ስሙ ጅራት ላይ ይመጣል። «ይህ» እና «ይህች»፣ «ያ» እና «ያች» ስንል ደግሞ ከፊት ይመጣል። ከማዕረግ አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት አለ። እንግሊዝኛ አንድ በር ላይ ጠባቂ ያቆመ ቤት ቢሆን፣ አማርኛ በየክፍሉ ጠባቂ ያቆመ ቤት ነው። እናም አዲስ ተውላጠ ስም መፍጠር ለአማርኛ መፍትሔ አይሆንም፤ ግሱ አሳልፎ ይሰጠዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ ነው ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ዋናው ሐሳብ የሚመጣው። አንድ ያልተጠበቀ በር አለ፤ ከጥንት ጀምሮ ክፍት ነው። «አንቱ» ነው፤ «እርስዎ» ነው፤ «እሳቸው» ነው። «እሳቸው ዘፈኑ» ስል የዘፈኑት ወንድ ይሁኑ ሴት ግሱ አይናገርም። «እርስዎ ይግቡ» ስል ለአያቴም ለአያትሽም አንድ ነው። አክብሮት ከገባ ጾታ ይወጣል። ልብ ብላችሁልኝ ከሆነ እስካሁን ስለ ቦንድ ስጽፍ አንድም ጊዜ «ሄደ» ወይም «ሄደች» አላልኩም፤ ዓረፍተ ነገሮቹም ከሌላው የቡለቲናችን ጽሑፍ የተለየ ነገር አልታየባቸውም ብዬ እገምታለሁ። ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ፈረንሳይኛ የየራሳቸው መላ ይኖራቸዋል፤ የአማርኛ መላ ግን ሳይጠየቅ ተቀምጦልን ነበር።

ይህን ሐሳብ ዶርም ውስጥ ሳነሣ የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። «የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ሴት ሆኖ መድረክ ላይ የቆመ ወንድ፣ ወንድ ሆና የተናገረች ሴት የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ ከሆኑ አባባ ተስፋዬን ምን ልናደርጋቸው ነው?

አባባ ተስፋዬ ሳህሉን የማያውቅ የለም። በ1915 ዓ.ም ባሌ ውስጥ ተወለዱ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለ42 ዓመታት ያህል የልጆች ጊዜን አዘጋጁ፤ የኔ አባት ተረታቸውን ሰምቶ ነው ያደገው፣ የሱ ታናናሾችም እንዲሁ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም ሲያርፉ ሀገር ያለቀሰላቸው እንደ አያት ነው። ኮሪያ ድረስ ዘምተው ለቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ትርኢት ማሳየታቸውን ግን ከእኛ ትውልድ ብዙው አይሰማም። ከዚያ ይበልጥ የማይነገረው ደግሞ የመድረክ ሕይወታቸው መጀመሪያ ነው። ያኔ ሴት መድረክ ላይ መውጣት እንደ ነውር ስለሚቆጠር ሴት ተዋናይት አትገኝም ነበር፤ ስለዚህ ወጣቱ ተስፋዬ የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርያትን ይጫወቱ ነበር። የኢትዮጵያ ልጆች ሁሉ «አባባ» የሚሏቸው ሰው መድረክን የተዋወቁት ሴት ሆነው ነው።

አባባ ተስፋዬ እንደ ቦንድ ናቸው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። አይደሉም። ለእሳቸው ሥራ ነበር፣ የመድረክ ችግር መፍቻ ነበር፤ ትርኢቱ ሲያልቅ ቀሚሱን አውልቀው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ቦንድ ግን መጋረጃው ከተዘጋም በኋላ ቦንድ ናቸው። ይህን ልዩነት ማድበስበስ ለሁለቱም ክብር አይሆንም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ተመልካቹ መድረክ ላይ ያለችውን ሴት «እሷ» ሲል ከስር ያለው አካል የወንድ መሆኑን ያውቅ ነበር። አውቆም «እሷ» አለ። ቋንቋው አልፈረሰም፣ ሰማይ አልተደፋም። ማለትም፣ ተውላጠ ስም ሁልጊዜ የሚከተለው አካልን ብቻ ሳይሆን የቀረበልንን ሰው ጭምር እንደሆነ ያ ሕዝብ ሳይማር ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ደግሞ ነውር የተባለው ምን እንደነበር እናስተውል። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም ከተቋቋመ ጀምሮ መድረኩ ለብዙ ጊዜ የወንዶች ነበር። ያኔ ነውር የነበረው ወንድ ቀሚስ መልበሱ አይደለም፤ ሴት ሴትን ሆና መድረክ ላይ መቆሟ ነው! እነ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴ፣ እነ አስናቀች ወርቁ ያን ጥሰው ሲወጡ ብዙ ስድብ ጠጥተዋል። አስናቀችን በክራራቸውም በትወናቸውም ዛሬ «አንቱ የተባሉ» እንላቸዋለን። ያኔ የሚሏቸው «አንቺ አዝማሪ» ነበር፤ አዝማሪ የሚለው ቃልም ስድብ ሆኖ ነው የሚወረወረው። የዛሬውን ነውር የትናንቱ መድረክ በጨዋታ አሳልፎታል፤ የትናንቱን ነውር ደግሞ ዛሬ እንሸልመዋለን። ስለ ባህል ስንከራከር የየትኛውን ዓመት ባህል እንደሆነ ብንጠያየቅ ጥሩ ነው።

ከመድረክ ወጥተን ወደ ጎንደር እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1932 ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ ከዳካር እስከ ጅቡቲ ከተጓዘው የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር ገባ። በአስተርጓሚው በአባ ጄሮም አማካይነት መልካም አየሁ ከተባሉ የዛር ባለ አውሊያ ጋር ተዋወቀና ወራት ሙሉ ደጃቸውን ሲመላለስ ከረመ። በዛር ቋንቋ ሰውየው «ፈረስ» ነው፤ ዛሩ ይጋልበዋል። ወይዘሮ መልካም አየሁን የሚጋልቡት ዛሮች ደግሞ አንድ ሁለት አልነበሩም፤ ከመካከላቸውም ወንዶቹ ብዙ ናቸው። አባ ዮሴፍ ሲመጣ የካህን አመል ይዞ ይመጣል፤ አባ ቆስቆስ ሲመጣ የጦር ሰው ነው። አለባበሱ፣ አቀማመጡ፣ ድምፁ ይቀየራል። ቤት የተሰበሰበውም ሰው ያንን ያየ ጊዜ የሚያናግረው ወይዘሮ መልካም አየሁን ሳይሆን የመጣውን ዛር ነው፤ ስሙም የሱ፣ ግሱም የሱ። አሮጊቷ አፍ ላይ ወንድ ይናገራል፣ ሰውም እንደ ወንድ ይመልስለታል።

ሌሪስ በዚህ ነገር በጣም ተደነቀ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ የጎንደርን ዛር ከቴያትር ጋር እያነጻጸረ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የሚጠይቀው ጥያቄ የኛ የቴያትር ኮርስ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ሰው እየተወነ ነው ወይስ እየኖረው? ድንበሩስ የት ላይ ነው? ሌሪስ በአንድ በኩል የሚጫወቱት ቴያትር፣ በሌላ በኩል የሚኖሩት ቴያትር አለ ብሎ ይለያል፤ ዛሩን ከሁለተኛው ወገን ያደርገዋል። እኔ ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያሉኝ ቦንድ ናቸው። አባባ ተስፋዬ የሚጫወቱትን ቴያትር ተጫወቱ፤ ቦንድ የሚኖሩትን ይኖራሉ። (ቤተ ክርስቲያን ዛርን እንደምታወግዝ አውቃለሁ፣ እኔም ለዛር ጥብቅና ልቆም አልተነሣሁም። ስለ ግስ ርባታ ነው የማወራው።)

ሌላም አለ፤ እንዲያውም ከኛ ብዙም አይርቅም። ዶናልድ ዶንሃም የተባሉ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በማሌ ሕዝብ ላይ ባደረጉት ጥናት «አሽቲሜ» ስለሚባሉ ሰዎች ጽፈዋል። በወንድ አካል ተወልደው እንደ ሴት የሚለብሱ፣ የሴት የሚባለውን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። በድሮው ዘመን በንጉሡ ግቢ ይሰበሰቡ እንደነበር፣ ዶንሃም በደረሱበት ጊዜ ግን ቁጥራቸው እጅግ ተመናምኖ እንደነበር ይገልጻሉ። ማሌ ከጌዴኦ ዞን ጋር ዛሬ በአንድ ክልል፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው ያለው። «የፈረንጅ ጣጣ» ለሚለው ወዳጄ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው። ፈረንጁ መጥቶ ጻፈው እንጂ ይዞት አልመጣም።

አንድ አንባቢ ሕግ ይጠቅስብኝ ይሆናል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይከለክላል፤ ይህን የማያውቅ የለም። አንቀጹ የሚናገረው ግን ስለ ድርጊት ነው። «እሳቸው» ማለትን የሚከለክል አንቀጽ አላየሁም፤ ቢኖር ኖሮ ከሁሉ በፊት የሚታሰሩት ቀበሌ ጽ/ቤት ውስጥ ለባለጉዳይ ሁሉ «ይቀመጡ» የሚሉት ጨዋ ጸሐፊዎች ነበሩ።

ወደ ዲላችን እንመለስ። እዚህ ከተማ ላይ ሆኖ ስለ «አንተ» እና «አንቺ» ማሰብ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ከማሰብ ይለያል። ጌዴኦኛ «አንተ»ንም «አንቺ»ንም በአንድ ቃል ነው የሚለው፤ «አቲ» ነው፣ ለወንድም ለሴትም። ኦሮምኛውም «አቲ» ነው፣ ሲዳምኛውም እንዲሁ። ሦስተኛ መደብ ላይ ሲደርሱ «እሱ»ና «እሷ»ን ይለያሉ፤ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያናግሩትን ሰው ግን ወንድ ነህ ሴት ነሽ አይሉትም። ምን ያስፈልጋል? ፊት ለፊትህ ቆሟል እኮ! በመሆኑም ከገጠር ቀበሌ የመጣ የክፍል ጓደኛችን አማርኛ ሲናገር ለሴቷ «አንተ»፣ ለወንዱ «አንቺ» ሲል እንሰማለን፤ ከዚያ ሳቅ ነው። ሳቁ ግን ማን ላይ ነው? የልጁ ቋንቋ እኮ የጎደለው ነገር የለም። የሱ እናት ሺህ ጊዜ «አቲ» ብላ ስትጠራው አንድም ቀን ማንን እንደጠራች ግራ ገብቶት አያውቅም። ሰውን ፊት ለፊት ለማናገር ጾታውን በግስ ማወጅ የግድ አለመሆኑን የዲላ ገበያ በየቀኑ ያሳየናል፤ ቡና ይሸጣል፣ እንሰት ይሸጣል፣ ዋጋ ይከረከራል፣ ሁሉም በ«አቲ» ያልቃል።

አማርኛ ራሱም ቢሆን እንደ ሰንጠረዡ ግትር አይደለም። እናት ትንሽ ወንድ ልጇን «ምን ሆንሽብኝ የኔ ቆንጆ» ትለዋለች፤ ፍቅር ነው። ሴቶቹ ጓደኞቼ እርስ በርስ «አንተ!» ይባባላሉ፤ ቅርርብ ነው። ጎበዝ ሴት ስትገኝ «ወንድ ናት» ይባላል፤ ምርቃት መሆኑ ነው። ወንድን ልጅ ግን ጎረምሶች በተሰበሰቡበት «እሷ ደግሞ» በሉት፤ ዱላ ይመዘዛል። ያው ቃል፣ ያው ግስ ነው። አንዴ ጡት፣ አንዴ ጥፊ ይሆናል።

የመሰናዶ ተማሪ ሳለሁ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሚኒ ሚድያና የፀረ ኤድስ ክበባት በጋራ አንድ ድራማ አዘጋጅተን ነበር። የእናትየውን ቦታ የሚጫወት ስንፈልግ ሴቶቹ ሁሉ ፈሩ፤ አንድ ልጅ «እኔ እሞክረዋለሁ» አለ። ነጠላ አጣፍቶ፣ ሻሽ አስሮ ሰልፍ ፊት ሲወጣ መጀመሪያ ግቢው በሳቅ ተንጫጫ። እናትየዋ የልጇን ውጤት የሰማችበት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ፀጥ አለ፤ አንዲት አስተማሪያችን መሐረብ ስታወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያው ድራማ ላይ አንዲት ልጅ ጢም ለጥፋ ሽማግሌ ሆና ተጫውታ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እሷን ግቢው ሁሉ «ጋሼ» እያለ ይጠራት ጀመር፤ እየሳቀች ትመልሳለች፣ ስሟ ሆኖ ቀረ። ልጁን ደግሞ «አንቺ» አሉት። በረፍት ሰዓት «አንቺ»፣ ሻይ ቤት «ነይ እስቲ»፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳይቀር ተጻፈበት። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ከክበቡ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ አላየሁትም፤ ከክበባችን ሁሉ ግን ተዋናይ የነበረው እሱ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ልጅቷን ያስደሰተው «ጋሼ»ና ልጁን ያባረረው «አንቺ» በሰዋስው ሚዛን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ጾታ አቋርጠዋል። ልዩነቱ አንደኛው እሷ በወደደችው ጨዋታ ውስጥ የተሰጠ፣ ሌላኛው እሱ ባልወደደው የተወረወረ መሆኑ ነው። እንደኔ እንደኔ የቦንድም ጉዳይ ቋጠሮው እዚህ ላይ ነው። አዘጋጁ ሲያዘን «እሷ» እንላለን። ዛሩ ሲያዘን «እሱ» እንላለን። እናት በፍቅር፣ ጎረምሳ በንቀት ሲገለብጡት እንሰማለን፣ እንስቃለን። ሁሉም ሰው የሰውን ተውላጠ ስም የመቀየር ፈቃድ አለው፤ ባለቤቱ ብቻ ሲጠይቅ ግን «ቋንቋ ተበላሸ» ይባላል። ይሄ አይዋጥልኝም። ቦንድ ሌላውን በምንም መልኩ እንድትጠሩ አልጠየቁም፤ የራሳቸውን ብቻ ነው የጠየቁት። ማን እንደሆኑ መስማማት አይጠበቅብህም፤ ሲጠሯቸው በምን መጠራት እንደሚፈልጉ ብቻ ነው የሰማኸው። አቶ እከሌ «አቶ» ይቅርብኝ፣ «መምህር» በሉኝ ቢል ትለዋለህ አይደል?

የ«አንቱ» መላ ችግር የለውም ማለቴ አይደለም፤ አለው። አንደኛ፣ «አንቱ» ያስረጃል። የሃያ ዓመት ጓደኛዬን «ይብሉ እንጂ» ብለው ያላገጥኩበት ነው የሚመስለው፤ ያ ከክበቡ የወጣው ልጅ ቢሆን ደግሞ «አንቺ»ን በ«እርስዎ» ቀየሩብኝ ብሎ ይብስ ይከፋው ነበር። ሁለተኛ፣ «አንቱ» ያርቃል። እግዚአብሔርን እንኳ «አንተ» የምንለው ቅርባችን ስለሆነ ነው ይላሉ አባቶች። ቅርርብና ገለልተኝነትን አንድ ላይ የሚሰጥ ቃል አማርኛ የለውም፤ ጌዴኦኛ አለው። እኩያሞች መካከል ያለው መፍትሔ ምናልባት ስምን መደጋገም፣ ግሱን ወደ «እንሂድ»፣ «እንብላ» ማዞር ይሆናል፤ አንዳንዶች ሳያውቁት ያደርጉታል። የመጽሐፍና የጋዜጣ አማርኛ ግን ይህ ችግር የለበትም። «አርቲስት» የሚለው ማዕረግ ለወንድም ለሴትም ያገለግላል፣ ግሱን ወደ «አንቱ» ማድረግ ነው የሚቀረው። ስለዚህ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች እንዲህ ያለ የሕይወት ታሪክ ለትርጉም ኮርስ ቢደርሳቸው «እሱ/እሷ» እያሉ በእዝባር ገጹን ከሚያቆሽሹ «እሳቸው»ን ቢጠቀሙ ይሻላል ባይ ነኝ። ችግሩ «አንቱ የተባለ» የሚለው ፈሊጥ ላይ ብቻ ይመጣል፤ አንድን ሰው በሥራው «አንቱ» ካልነው በኋላ እንኳ «የተባለ» ወይስ «የተባለች» ብሎ ይጠይቀናል። «የተባሉ» ማለት እንችላለን። ለአስናቀች ብለነዋል።

በነገራችን ላይ ቦንድ ስልሳን አልፈዋል። ዲላ ቢመጡ ማንም ሊስትሮ ሳይጠየቅ «እርስዎ» ይላቸዋል ብዬ ላስብ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሊስትሮው ከግሱ በፊት «አባባ» ወይም «እማማ» ማለት አለበት፤ እዚያ ላይ ልጁ ቆም ብሎ ሊያያቸው ነው። ግን ምን አስጨነቀኝ፤ ፈረንጅ አይደሉ? መናኸሪያ ገና ከመውረዳቸው የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚጠራቸው «ዩ! ዩ!» ብሎ ነው።